ሙዚቃ የሾፌርን ውጥረት እንዴት ያረግባል? መቼስ ያባብሳል?

መኪናው ቆሟል። ከፊት ያለውም ቆሟል። ከኋላ ያለው ጥሩምባ ይነፋል፤ ግን ለእሱም ቢሆን መሄጃ የለም። እንዲህ ባለ ሰዓት አንድ ጊዜ እጃችሁን እዩት። መሪውን እንዴት ነው የያዘው? አብዛኛውን ጊዜ ጣቶቻችን ከሚያስፈልገው በላይ ጨብጠዋል። መዳፍ ላብ ላብ ብሏል። ትከሻ ሳናውቀው ወደ ጆሮ ተጠግቷል። ጥርስ ከጥርስ ገጥሟል። አልሮጥን፣ ከማንም አልተጣላን። ሰውነታችን ግን ለጠብ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ እጁን ወደ ቴፑ ይልካል። ጥሩ ያደርጋል። ነገር ግን የሙዚቃው ዓይነት፣ የድምፁ መጠንና የመንገዱ ሁኔታ ካልተገናኙ፣ እንዲያረጋጋን የከፈትነው ዘፈን ጭራሽ ሊያነሳሳን ይችላል። ይህ ግምት አይደለም፤ ደጋግሞ ተለክቷል። ስለዚህ ሙዚቃው ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ማወቁ ይጠቅማል።

የተወጠረ ክር

«ውጥረት» የሚለው ቃላችን ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል። የከበሮ ቆዳ ይወጠራል። የሙዚቃ መሣሪያ ክር ይወጠራል። ሰውም ይወጠራል። ከልክ በላይ የተወጠረ ነገር ገና ሲነኩት ይጮኻል። አንዱ ፍሬቻ ሳያሳይ ሲገባብን የምንፈነዳው ለዚህ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ዝም ብለን እናሳልፈው ነበር።

ግን ጨርሶ የረገበ ክርም ድምፅ አያወጣም። እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ የሚነዳ ሰው ምንም ጭንቀት የለበትም፤ አደገኛ ግን ነው። ሮበርት ዬርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አስተውለው ነበር። ሥራው ከበድ ሲል በደንብ የተማሩት በመጠኑ የተነቃቁት አይጦች ነበሩ። በጣም የተነቃቁትም፣ በቂ ያልተነቃቁትም ወደኋላ ቀሩ። መንዳትን ሳስብ ይህ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከሙዚቃ የምንፈልገው መንገዱን እንዲያስረሳን አይደለም። ክሩን ልኩ ላይ እንዲያስቀምጥልን ነው።

ስንወጠር በውስጣችን ምን ይሆናል? አእምሮ አደጋ ያየ ሲመስለው፣ ከኩላሊቶቻችን በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ይለቃሉ። ኮርቲዞል የሚባለው ሌላው ሆርሞን ይከተላል። ልብ ይፈጥናል። ደም ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች ይሄዳል። ትንፋሽ አጭር ይሆንና ደረት ላይ ይቀራል። ይህ ሁሉ የተሠራው ለሩጫ ወይም ለትግል ነው። የሚሮጥ ሰው ያወጣዋል፣ ይገላገለዋል። ሾፌር ግን በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። የተዘጋጀው ጉልበት መውጫ ሲያጣ እጅ ላይ፣ አንገት ላይ፣ ምላስ ላይ ይጠራቀማል።

ይህን በእውነተኛ መንገድ ላይ የለኩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎቹ ጄኒፈር ሂሊና ሮዛሊንድ ፒካርድ ሾፌሮች ላይ መለኪያ አስረው ቦስተን አካባቢ በከተማና በፈጣን መንገድ አስነዷቸው። እያንዳንዱ ጉዞ ቢያንስ 50 ደቂቃ ነበር። ልብን፣ ትንፋሽን፣ ጡንቻን፣ የቆዳን ላብ ሁሉ ለኩ። ውጥረቱን ከሁሉ በላይ ያሳበቁት የቆዳው ላብና የልብ ምት ነበሩ። ያ ላብ ያለበት መዳፍ ዝም ብሎ ሙቀት አይደለም ማለት ነው።

ምት ከምት ጋር

እዚህ ላይ አማርኛ ሌላም ነገር ያግዘናል። የልብንም የከበሮንም በአንድ ቃል «ምት» ብለን ነው የምንጠራው። ሁለቱ በእርግጥም ይነካካሉ።

ሰውነታችን እንደ መኪና ነዳጅ መስጫና ፍሬን አለው እንበል። አድሬናሊኑን የሚያስረጨው የነርቭ ክፍል ነዳጅ መስጫው ነው። ፍሬኑ ደግሞ ቬገስ በሚባለው፣ ከአንጎል ሥር ተነስቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ በሚወርደው ነርቭ በኩል ይሠራል። ይህ ፍሬን እየሠራ መሆኑ የሚታወቅበት ደስ የሚል ምልክት አለ። ጤነኛ ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እየለካ አይመታም። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ክፍተት በጥቂቱ ይለያያል። አየር ስንስብ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ትንሽ ይዘገያል። ስንወጠር ይህ መለያየት ይቀንስና ልብ ድርቅ ብሎ አንድ ዓይነት እየመታ ይሄዳል። ስንረጋጋ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የብራዚል ጥናት የመዘነው ይህንኑ ነው። ማሪሊያ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ አዘውትረው የማይነዱ አምስት ወጣት ሴቶች በመኪና በተጨናነቀ ሰዓት ለ20 ደቂቃ ነዱ። አንድ ቀን ያለ ሙዚቃ፣ ሌላ ቀን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ እየሰሙ። ውጥረቱ እንዲጨምር የማያውቁት መኪና ተሰጣቸው። ያለ ሙዚቃ በነዱበት ቀን የልባቸው ምት መለያየት ቀነሰ። ሙዚቃ በነበረበት ቀን ግን ጉዳቱ ለዘብ አለ። አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ ተነስቶ ለዓለም ሾፌር ሁሉ መመስከር አይቻልም። ሆኖም ሌሎችም በተለያየ መንገድ ተመሳሳይ ነገር ላይ ደርሰዋል።

ከእነዚህ መካከል እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የካናዳው ነው። ዴቪድ ዊዘንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ወደ ሥራ የሚመላለሱ ሾፌሮችን በሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ራሱ የመረጠውን ሙዚቃ እየሰማ ነዳ። ሌላው ሬዲዮም፣ ሙዚቃም፣ ምንም ሳይሰማ ነዳ። መንገዱ ክፍት ሲሆን በሁለቱ መካከል ያን ያህል ልዩነት አልነበረም። መንገዱ ሲጨናነቅ ነው ሙዚቃው የሠራው። ሌላም ነገር ተገኘ፤ የቸኮለ ሰው መንገዱ ክፍትም ሆነ ዝግ ይበልጥ ይጨነቃል። ይህ ደግሞ ዘፈን የማይደርስበት ቦታ ነው። አሥር ደቂቃ አርፍዶ የወጣን ሰው የትኛውም ዜማ ሙሉ በሙሉ አያረጋጋውም።

ሙዚቃ ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? አንዱ መንገድ ትንፋሽ ነው። ቀስ ያለ ምት ስንሰማ ትንፋሻችን ሳይታወቀን ይከተለዋል፤ ፈጣን ስንሰማም እንዲሁ። ሌላው ትውውቅ ነው። የምናውቀው ዘፈን ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። መንገዱ ላይ ማን ከየት እንደሚገባ በማይታወቅበት ሰዓት፣ የሚታወቅ ነገር ጆሮ ላይ መኖሩ ያሳርፋል። ሦስተኛው ደግሞ ቀላል ነው። ቆመን ስንጠብቅ ባዶ የሆነ ሐሳብ ወደ ቅሬታ ይሄዳል። «ይሄ ሰውዬ ለምን አይሄድም? መብራቱስ ለምን አይበራም?» ሙዚቃ ለዚያ ባዶ ቦታ የተሻለ ሥራ ይሰጠዋል።

ትንፋሹን በፈቃዳችን መጠቀምም እንችላለን። በደቂቃ 60 ምት ያለው ዘፈን ክፈቱ እንበል፤ በየሰከንዱ አንድ ምት ማለት ነው። አራት ምት እየቆጠራችሁ አየር ሳቡ። ስድስት ምት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። አንዱ ትንፋሽ 10 ሰከንድ ወሰደ ማለት ነው፤ በደቂቃ ስድስት። የልብ ምት መለያየት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ፍጥነት አካባቢ ነው። ቀይ መብራት ላይ ሦስት ጊዜ ብታደርጉት 30 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ የምትረግበዋ ትከሻ ናት። ጣቶች ከዚያ በኋላ ይላቀቃሉ።

የዘፈን ፍጥነት ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ቤት ቁጭ ብላችሁ 15 ሰከንድ ያህል እግራችሁን ከምቱ ጋር እየመታችሁ ቁጠሩ፤ የቆጠራችሁትን በ4 አባዙት። 15 ከመጣ 60 ነው። 30 ከመጣ 120 ደርሷል። ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ አሁን ላስረዳ።

ሙዚቃው መሪውን ሲይዝ

ዋረን ብሮድስኪ የተባሉ በእስራኤል የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ፣ ሰዎችን ሲሙሌተር በሚባለው የመንጃ ማስመሰያ ላይ አስቀምጠው የተለያየ ፍጥነት ያለው ሙዚቃ አሰሟቸው። ቀርፋፋው በደቂቃ ከ40 እስከ 70 ምት ነበር። መካከለኛው ከ85 እስከ 110፣ ፈጣኑ ከ120 እስከ 140። ምቱ በፈጠነ ቁጥር ሾፌሮቹም ፈጠኑ። ከመስመራቸው መውጣት፣ ቀይ መብራት መጣስ፣ መጋጨትም በፈጣኑ ሙዚቃ በዛ። ነዳጅ ላይ ያለው እግር ለዘፈኑ ይታዘዛል።

የድምፅ መጠንም የራሱ ጉዳይ አለው። ፍጥነታችንን የምናውቀው በዓይን ብቻ አይደለም። የሞተሩ ጩኸት፣ የጎማው ሹክሹክታ፣ የነፋሱ ፉጨት ሁሉ ይነግሩናል። ሙዚቃ ይህን ሁሉ ሲውጠው ከምንገምተው በላይ እንፈጥናለን። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ሙከራ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይቷል። ድምፁ 85 ዴሲቤል ሲደርስና ሥራው ሲከብድ፣ ሰዎች ፊት ለፊታቸው ላለው ምልክት በፍጥነት ምላሽ ሰጡ። በጎን በኩል ለሚታየው ግን ዘገዩ። በመኪና ቋንቋ ብንለው፣ የፊተኛው መኪና ፍሬን ሲይዝ ያያሉ፤ ከመንገድ ዳር ኳስ ተከትሎ የሚሮጠውን ልጅ ግን ዘግይተው ነው የሚያዩት። እኔ ድምፅ እንድቀንስ ያደረገኝ ይህ ነው። ሾፌሩ ንቁ እንደሆነ ይሰማዋል፤ እውነትም ንቁ ነው። ግን በጠባብ ቀዳዳ ነው የሚያየው።

ስለ ወጣት ሾፌሮች ደግሞ ብሮድስኪና ዛክ ስሎር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት አለ። 85 አዳዲስ ወጣት ሾፌሮች ከአስተማሪ ጋር እውነተኛ መንገድ ላይ ስድስት ስድስት ጊዜ ነዱ። አንዳንዱን ጉዞ የራሳቸውን ሙዚቃ እየሰሙ፣ አንዳንዱን ተመራማሪዎቹ ለመንዳት እንዲስማማ ብለው ያዘጋጁትን እየሰሙ፣ አንዳንዱን በዝምታ። ከመቶ 98ቱ ቢያንስ በአንዱ ጉዞ በአማካይ ሦስት ስህተት ሠሩ። ከመቶ 32ቱን አስተማሪው በድንገት «ተጠንቀቅ!» ማለት ነበረበት። ከመቶ 20ዎቹ ላይ ደግሞ መሪ ወይም ፍሬን እስከ መያዝ ደረሰ። የራሳቸውን ዘፈን ሲሰሙ ባሰ፤ የተዘጋጀው ሙዚቃ ግን ስህተቱን ቀነሰው። የሚገርመው፣ ወጣቶቹ በራሳቸው ሙዚቃ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። መደሰትና መረጋጋት አንድ አይደሉም። ልጆቻችሁ መንዳት እየጀመሩ ከሆነ ይህን ንገሯቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቴፑን ዝግ ማድረግ ምንም አያጎድልባቸውም።

ታዲያ በራስ የተመረጠ ሙዚቃ በካናዳው ጥናት ጠቅሞ በዚህኛው የጎዳው ለምንድን ነው? በእኔ አረዳድ ልዩነቱ ሥራው ላይ ነው። አንደኛዎቹ መንገዱን በየቀኑ የሚመላለሱበት ሰዎች ናቸው፤ በመጨናነቅ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቆመዋል ወይም ይንፏቀቃሉ። ሁለተኛዎቹ መንዳት ራሱ ገና ሙሉ ሐሳባቸውን የሚወስድባቸው ናቸው። አይቻ ኡናልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት፣ ሙዚቃ እየሰማ የሚነዳ ሰው አእምሮ ይበልጥ ይደክማል፤ በጥናቱ የነዱት ሾፌሮች ግን ያንን ድካም ችለው በአግባቡ ነዱ። ትርፍ አቅም ያለው ሰው ከዚያ ላይ ይጨምራል። የሚጨምረው የሌለው ሰው ነው የሚወድቀው።

አድራሻ ስንፈልግ፣ ወይም ጠባብ ቦታ ላይ ወደኋላ ስንገባ እጃችን ድምፅ ለመቀነስ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ሙዚቃው ዓይናችንን አልጋረደም። ግን ትኩረታችን ከአንድ ማሰሮ ነው የሚቀዳው። እጃችሁ እንዲህ ሲያደርግ አትከልክሉት። እንዲያውም ቀድሙት። የማታውቁት መገናኛ ላይ ስትደርሱ፣ ዝናብ ሲበረታ፣ ጨለማ ውስጥ እግረኛ ሲበዛ፣ ቀንሱት ወይም አጥፉት።

እንግዲህ ምን እንክፈት?

ለመረጋጋት ከሆነ ከቀርፋፋው እስከ መካከለኛው፣ የምታውቁት፣ ከበሮው የማያይል ሙዚቃ። ግጥሙ ልብ የሚሰብር ወይም የድሮ ቂም የሚቀሰቅስ ከሆነ ለቤት ይቆይ፤ ዜማው ቢለሰልስም ሐሳባችሁን ይዞት ይሄዳል። በጣም የሚያስደስት ሙዚቃም ሁልጊዜ አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ላይ፣ ደስ የሚል ሙዚቃ የሰሙት መኪናውን መስመሩ ላይ ማቆየት ከበዳቸው። ሐዘንተኛ ሙዚቃ የሰሙት ደግሞ ቀስ ብለው፣ መስመራቸውን ጠብቀው ነዱ። ድምፁ ከውጭ የሚመጣ ጥሩምባና የአምቡላንስ ጩኸት እስኪሰማ ድረስ ዝቅ ይበል። ጎናችሁ የተቀመጠ ሰው ሳይጮኽ ካናገራችሁ ልክ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ግን አይሆንም። ሁለቱንም ጆሮ ከመንገዱ ይቆርጣል፤ በብዙ አገርም ሾፌር እንዳያደርግ ተከልክሏል።

ከሁሉም በላይ ግን ሙዚቃውን የምትመርጡት መኪናው ሳይነቃነቅ ይሁን። ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ 16 ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። ስልክ ላይ ዘፈን ለመፈለግ ሁለት ሰከንድ ብቻ ብናይ 33 ሜትር ዓይናችንን ጨፍነን ሄድን ማለት ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ መኪናው ላይ የተገጠመ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሾፌሩን ዓይን በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰከንድ በላይ እንዳይወስድ የጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ለማረጋጋት ብለን የጀመርነው ፍለጋ ራሱ የቀኑ ትልቁ አደጋ ይሆናል። አንድ የተዘጋጀ የዘፈን ዝርዝር ይኑራችሁ፤ ሌላው አብሯችሁ ያለ ሰው ሥራ ነው።

ፈጣን ሙዚቃ እየሰማችሁ መንገዱ በድንገት ቢከብድስ? ቀስ በቀስ መቀየር የሚሻል ይመስለኝ ነበር። ማርዮላይን ፋን ደር ዝዋግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት የሲሙሌተር ሙከራ ግን ሌላ ነው የሚለው። በከባድ መንገድ ላይ ሙዚቃው በአንድ ጊዜ ወደ ለስላሳ ሲቀየር፣ ደረጃ በደረጃ ከሚቀየረው ይልቅ ሰውነታቸው ይበልጥ ተረጋጋ፣ አነዳዳቸውም ተሻለ። ስለዚህ አንዱን ዘፈን አቋርጦ ወደ ለስላሳው መዝለል ምንም ነውር የለበትም። ግን መሪው ላይ ያለችን አንዲት ቁልፍ ከመጫን የማያልፍ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ላይ ግን ሙዚቃን አትመኑ፤ እንቅልፍ ላይ። ሬዲዮ ከፍ ማድረግና መስኮት መክፈት የደከመ ሾፌርን ቢረዱ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ዓይን ሲከብድ፣ ያለፈውን መንገድ ማስታወስ ሲያቅት፣ መኪናው ከመስመሩ እየወጣ ሲያጋድል፣ ጥግ ይዞ ቆሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት ነው መድኃኒቱ። ጮክ ያለ ዘፈን ያን ሰው ያላረፈ ሆኖ ሳለ ያረፈ ያስመስለዋል።

የመጨረሻው ነገር ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ ጣልያን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሰዎች የተለያየ ሙዚቃ እያሰሙ ልባቸውን፣ ትንፋሻቸውንና የደም ግፊታቸውን ለኩ። በሙዚቃዎቹ መካከል የሁለት ደቂቃ ዝምታ አስገብተው ነበር። ሰዎቹ ከሁሉ የበለጠ የረገቡት በዚያች ዝምታ ጊዜ ነው። የልብ ምታቸው ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበረበትም በታች ወረደ። ሙዚቃው ያዘጋጀውን ዝምታው ጨረሰው ማለት ነው። ስለዚህ ረጅም መጨናነቅ ውስጥ ከሆናችሁ ከሦስት ከአራት ዘፈን በኋላ ሁለት ደቂቃ ዝም አሰኙት። የሞተሩን ድምፅ፣ የጎማውን ድምፅ፣ የራሳችሁን ትንፋሽ ትሰማላችሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን ክፈቱ።